የወይኖ አንገት

ሰው ሰውን «በሬ!» ብሎ ሲሰድብ ደስ አይለኝም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ከሮቢት ወደ ቆቦ ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት ፊታችን የቆመውን ባለባጃጅ እንዲያ ብሎ ሲሰድበው፣ የተሰደብኩት እኔ የሆንኩ ያህል ፊቴን አዞርኩ። ባለባጃጁ ምንም አላጠፋም፤ መንገዱን የዘጋው ጎርፍ ነበር። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶት አስፋልቱን አቋርጦ ይሄዳል፤ መኪናው ሁሉ ከዚህና ከዚያ ማዶ ተሰልፎ እስኪጎድል ይጠብቃል። መስኮቱን ከፈትኩት። የጋለ አቧራ ላይ የፈሰሰ የጎርፍ ውሃ ሽታ ገባ፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ እበት፣ ከሩቅ የመጣ የደጋ አፈር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን አንገቴን አውጥቼ ደጋግሜ ሳብኩት፤ ልጅ ሳለሁ የነበረውን ያን ዓመት እንዳለ ይዞልኝ መጣ።

ያን ዓመት አባቴ አረብ አገር ነበር። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ሳዑዲ ከገባ ቆይቷል፤ ድምፁን የምንሰማው ባለሱቁ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ሲመጣልን ብቻ ነበር። ለእናቴ ለወርቄ ትቶላት የሄደው መሬቱን፣ እኔንና አንድ በሬ ነው። በሬው ቀይ ሆኖ ወደ ጥቁረት የሚያደላ ስለነበር ወይኖ ይባላል። በእኛ አገር ሴት ያልሠራችው ሥራ የለም፤ እርፍ ጨብጣ ግን አታርስም። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እናቴ ከጎረቤታችን ከአያ ሰይድ ጋር መቀናጆ ነበረች። እሷ አንድ በሬ፣ እሳቸው አንድ በሬ ያመጣሉ፤ አያ ሰይድ ሁለቱን ጠምደው የእኛንም የእሳቸውንም መሬት ያርሳሉ።

አያ ሰይድ ጢማቸው የሸበተ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ወደ ከተማ የሄዱባቸው ሰው ነበሩ። በሬያቸው ጉራቻ ይባላል። በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው፤ እንደ ስሙም ጥቁር ነበር። እሳቸውና አባቴ ሁለቱን በሬዎች ወይፈን ሳሉ አብረው ነው ቀንበር ያስለመዷቸው፤ ወይኖን በግራ፣ ጉራቻን በቀኝ። ከቀንበር ተፈትተውም ሆነ ውሃ ሲወርዱ ወይኖ ሁልጊዜ በግራ፣ ጉራቻ ሁልጊዜ በቀኝ ነበር የሚሄዱት። በእርሻ ሰሞን አንድ ሳምንት እኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት እሳቸው ቤት ያድራሉ። የሚያበላቸውም ያሳደራቸው ነው።

እኛ ቤት ሲያድሩ አገዳ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። ካቀረብኩ በኋላ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሲበሉ ማየት እወድ ነበር። ጠግበው ሲያበቁ ጉራቻ ምላሱን አውጥቶ የወይኖን አንገት መላስ ይጀምራል። ዝም ብሎ ዳበስ ዳበስ ማድረግ እንዳይመስላችሁ። አንዴ እጄን ልሶኝ ስለማውቅ ምላሱ ሞረድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቦታ ይይዝና እዚያው ላይ ይመላለሳል። ወይኖ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ያስረዝምለታል። እኔም ነገሩን አሰብኩና ገባኝ፤ ጉራቻ ወይኖን እየበላው ነው። በአንድ ጊዜ ቢበላው ስለሚታወቅበት ቀስ እያለ ነው የሚበላው። ማስረጃም ነበረኝ፤ የሚልሰው ቦታ ጠጉሩ መሳሳት ጀምሯል።

እናቴ ማሽላ ስታበጥር ሄጄ ነገርኳት።

«እማ፣ ጉራቻ ወይኖን እየበላው ነው።»

«በሬ ሥጋ አይበላም።»

«ታዲያ ለምን ዝም ይለዋል?»

«ማን?»

«ወይኖ ነዋ። እየተበላ ዓይኑን ይጨፍናል።»

እናቴ ሳቋን ለመያዝ ሰፌዱን አስቀመጠች። «እሱን ስታገቢ ይገባሻል፣ ትርንጎዬ» አለችኝ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ጠዋት በሬዎቹ አያ ሰይድ ቤት ሳምንታቸውን ጨርሰው መጡ። የአያ ሰይድ በረት ጠባብ ስለሆነ እዚያ ጎን ለጎን ባጭር ገመድ ነበር የሚታሰሩት። እናቴ ወይኖን ስትደባብስ እጇ አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠጉሩ ተመልጦ ሥጋው ቀልቷል። በሬ አንገቱ ላይ ሲቆስል ማንም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ቀንበር። ቀንበር የሚያቆስለው ደግሞ ያለ ልክ የታረሰበትን በሬ ነው። እናቴ አሰላሰለች፤ ባሰላሰለች ቁጥርም ፊቷ ጠቆረ። አያ ሰይድ ሞፈር ተሸክመው ወደ እርሻ ሊነዷቸው ሲመጡ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አያ ሰይድ፣ ይሄ በሬ የማንን መሬት ሲያርስ ነው የከረመው?»

«የእኔንና ያንቺን ነዋ።»

«የእኔና የአንቱ መሬት የበሬ አንገት አይልጥም።»

አያ ሰይድ ሞፈሩን ከትከሻቸው አወረዱ። «በሬሽን ለሰው አከራየሁ ነው የምትይኝ፣ ወርቄ?»

«እኔ ምን አልኩ? አንገቱ ነው ያለው።»

«ወላሂ፣ እኔ ሰይድ በሽበቴ ሌባ ልባል!» በጣም ስለተናደዱ ቁስሉን ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩትም፤ ያዩት የእናቴን ፊት ብቻ ነው። ጉራቻን ፈትተው መጎተት ጀመሩ። ጉራቻ በሩ ላይ ሲደርስ ተገትሮ አልሄድም አለ። አያ ሰይድ ከፊት እየሳቡ፣ እናቴ በንዴት ከኋላ እየገፋች፣ ከተጣሉ በኋላ እንኳ ተባብረው አወጡት።

መቀናጆው ፈረሰ። እኔም ወደ አያ ሰይድ ቤት እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ ንፍሮ ሲቀቅሉ የእኔን ድርሻ ሳያስቀምጡ አይውሉም። አጥሩ ጋ ቆሜ የእሳቸውን ጭስ ማየት ሥራዬ ሆነ።

ወይኖም እንደኔ ነበር። መኖ ይሰጠዋል፣ አሽትቶ ይተወዋል። በረቱ ውስጥ ብቻውን ሆኖም ከግራው ጥግ ፈቀቅ አይልም፤ የቀኙ ግማሽ ባዶውን ይውላል። አመሻሽ ላይ ወደ አያ ሰይድ ቤት ዞሮ እምቧ ይላል። ከዚያ ማዶ ጉራቻ ይመልስለታል። ጌቶቻቸው ስለተጣሉ እነሱም የሚሰዳደቡ መስሎኝ፣ ወይኖ ሲጮህ «ጎበዝ! ንገረው!» እያልኩ አጨበጭብለት ነበር። የእኛ በሬ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ያሸነፍን ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ላይ ቁስሉ ዳነ። ጠጉር በቀለበት። እናቴ ይህን ስታይ እርግጠኛ ሆነች፤ «አየሽ? ቀንበር ሲቀርለት ዳነ» አለችኝ። ግን ድሏ ደስ ያላት አትመስልም።

ያን ሰሞን ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በበሬ አፍ መናገር ጀመሩ። እናቴ ውሃ ቀጂዎች በተሰበሰቡበት፣ «ወይኖ ተቀይሟል፤ ልቡ ተሰብሯል፤ እህል አልበላ ብሏል» ትላለች። ወሬው ደርሷቸው አያ ሰይድ ደግሞ ከመስጊድ ሲወጡ፣ «ጉራቻ ክብሩ ተነክቷል። ከወንድሜ በሬ ጋር ልጥመደው ብል አሻፈረኝ አለ። እኔ ምን ላድርግ? እንስሳ አይገደድ» ይላሉ። ሰውም በሁለቱ በሬዎች ጠባይ ይገረማል። እናቴም ጉራቻ ከሌላ አልጣመድም ማለቱን ስትሰማ፣ «እንስሳው ይሻላል» አለች።

የዝናቡ ጊዜ እየቀረበ ነበር። እናቴ የአክስቷን ልጅ ደሳለን ለመነችው። ደሳለ ከዋጃ ገበያ የተገዛ አንድ ጎረምሳ በሬ ነበረው፤ ደግሞም በጅራፍ የማይገራ ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የእሱ በሬ የለመደው ግራውን ስለሆነ ወይኖን በቀኝ ጠመደው። ወይኖ ዞሮ ወደ ቀኙ አየ፤ ማንም የለም። ትንሽ ተራመደና እንደገና ዞሮ አየ። ትልሙ ተጣመመ። ደሳለ ጅራፉን ሲያጮኸው ወይኖ ጉልበቱን አጠፈና ከነቀንበሩ ተኛ። ያኛውም በሬ አንገቱ ተጎትቶ አብሮት ተንበረከከ። ደሳለ ጀርባውን ይገርፈዋል፤ ወይኖ አፈሩ ላይ አገጩን አስተኝቶ ያመሰኳል።

«ተው! በቃ!» ብላ እናቴ ጅራፉን ነጠቀችው።

ደሳለ ላቡን ጠረገ። «እቴ ወርቄ፣ ይሄ ለሥጋ እንጂ ለእርሻ አይሆንም። ቆቦ ገበያ አውጥተሽ ሽጭው፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ስጪ።»

እናቴ ወይኖን ከቀንበሩ ፈታችው። ወይኖ ከተሸጠ መቀናጆ የሚባል ነገር ለዘላለም እንደሚያበቃባት አውቃለች። መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ ማሽላው ለሁለት ይከፈላል፤ አባቴም ሲመለስ የሰው እርሻ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ይሆናል። በዚያው ሰሞን አባቴ ስልክ ደወለ። ስለ እኔ ሳይጠይቅ፣ «ወይኖ እንዴት ነው?» አለ። አኮረፍኩ።

«ደህና ነው» አለች እናቴ።

«አያ ሰይድስ?»

«ደህና ናቸው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ አላነሳችውም። ባለሱቁ ገና ያልጨረሰች መስሎት ቆሞ ጠበቃት።

ጎርፉ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከወንዙ በኩል የጉርምርምታ ድምፅ ተሰማ፤ «ጎርፍ! ጎርፍ!» ተባለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አካፋ እየያዘ ወጣ። በእኛ ሜዳ እህል የሚበቅለው ዝናብ ጠብቆ ብቻ አይደለም፤ የደጋውን ጎርፍ በእሾህ ቅርንጫፍና በአፈር እየጠለፉ ወደ እርሻ በማስገባት ነው። እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ቦይ ትቆፍራለች፤ እኔ ጭቃው ውስጥ እየዘለልኩ ሥራ የምሠራ ይመስለኛል። ከላይ በኩል የሚጠልፉት አያ ሰይድ ነበሩ። ውሃውን ወደ ራሳቸው መሬት ከማስገባታቸው በፊት የእኛን ቦይ ሲከፍቱ አየሁ። እናቴም አየች። ሁለቱም እንዳላዩ ሆነው አካፋቸውን ቀጠሉ።

ጎርፍ የጠጣ መሬት ግን ይቅር አይልም። እርጥበቱ ሳለ ካልታረሰና ካልተዘራ የራያ ፀሐይ እንደ ቂጣ ያደርቀዋል፤ ደጋሌት የምንለው ረጅሙ ማሽላ ደግሞ ጊዜው ካለፈ አይደርስም። በማግስቱ ሜዳው በሙሉ «ሃ! ና! በል!» በሚል የአራሽ ድምፅ ተሞላ። መሃል ላይ ሁለት መሬት ብቻ እያብለጨለጨ ባዶውን ቀረ፤ የእኛና የአያ ሰይድ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሄዳ አፈሩን ትጨብጣለች። መጀመሪያ እጇ ውስጥ ሊጥ ይሆን ነበር። ከዚያ መፈርፈር ጀመረ።

አንድ ጠዋት ስነሳ በረቱ ባዶ ነው።

«እማ! ወይኖ ጠፋ!»

«እንፈልገዋለና» አለች። ነጠላዋን ደርባ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ነው የወጣችው። እኔ ጅብ በልቶት ይሆናል ብዬ እያለቀስኩ ቀደምኳት። ጎርፉ ባስቀረው ደለል ላይ የወይኖ ኮቴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ወንዝ አልወረደም፣ ወደ ግጦሽም አልሄደም። ቀጥ ብሎ አያ ሰይድ ደጅ ሄዷል።

ስንደርስ ወይኖ ከበረቱ ውጭ ቆሞ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጥቷል። ጉራቻ ከውስጥ ሆኖ ይልሰዋል። እንደ ድሮው አንድ ቦታ ይዞ፣ እዚያው ላይ እየተመላለሰ፣ የናፈቀውን ሁሉ ባንድ ጠዋት ሊጨርስ። አዲሱ ጠጉር ተገፏል፤ ገና ስስ የነበረው ቆዳ ደም ማዘል ጀምሯል። ወይኖ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ኧረ በሬው ደማ!» አሉ እትዬ ዘሀራ ጣሳ ይዘው ብቅ ሲሉ። «አንተ ሰይድ፣ ና እይ!»

አያ ሰይድ መስገጃቸውን እያጠፉ ወጡ። እናቴን አዩ፤ ከዚያ ወይኖን አዩ። በዚያ ሁሉ ጠብ መሃል ያላደረጉትን ያን ጊዜ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ቁስሉን አዩት። ሄደው ቀንበሩን ከግድግዳው አወረዱና የወይኖ ጫንቃ ላይ አሳረፉት። ቀንበሩ ከሻኛው ፊት ላይ ተቀመጠ። ቁስሉ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ ጉራቻ በሚቆምበት ጎን ነው። ቀንበሩ አይነካውም፤ ነክቶትም አያውቅም።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እየበላው ነው ብዬሽ ነበር!» አልኩ። ከዚያ እትዬ ዘሀራ ጣሳቸውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ እኔም የምስቅበትን ሳላውቅ ሳቅኩ።

እናቴ አልሳቀችም። ዞር ዞር ብላ ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አየችና ጎንበስ አለች። በእኛ አገር ሰውን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። አያ ሰይድ ክንዷን ያዟት።

«ተይ ወርቄ። አፈሩ እየደረቀ ነው። ድንጋዩን ከዘራን በኋላ ትሸከሚዋለሽ።»

«አያ ሰይድ፣ እኔ እኮ…»

«አብሽሪ። የቀንበሩን ማሰሪያ ምራኑን ያዢልኝ።»

እትዬ ዘሀራ እሬት ቆርጠው ወተቱን ቁስሉ ላይ ቀቡት። ልጆችን ጡት የሚያስጥሉበት ያ መራራ ነገር ነው። ጉራቻ አንዴ ቀመሰው፤ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ነፋ። ትንሽ ተከዘና ከፍ ብሎ የወይኖን ጆሮ መላስ ጀመረ።

ያን ቀን እርሻውን ቆሜ ያየሁት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ወይኖ በግራ፣ ጉራቻ በቀኝ። ጅራፍ አልጮኸም። አያ ሰይድ ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ በአፋቸው ጠቅ ያደርጋሉ፤ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ንፍሮዬም ተመልሶልኛል፤ እትዬ ዘሀራ የከረመውን ድርሻዬን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሰጥተውኝ ሆዴ ተነፍቶ ነበር። አያ ሰይድ መጀመሪያ የእኛን፣ ቀጥሎ የራሳቸውን መሬት አርሰው፣ እርጥበቱ ሳያመልጥ ማሽላው ተዘራ።

በመጨረሻው ቀን በሬዎቹ ተፈትተው፣ እኛ ግራር ሥር ተቀምጠን እናቴ ያመጣችውን ቂጣ እንበላ ነበር። አያ ሰይድ ቂጣውን ቆረስ አድርገው ሳይጎርሱት ያዙት።

«ወርቄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጉራቻ ከወንድሜ በሬ ጋር አልጠመድም አለ ብዬ ሳወራ ከርሜያለሁ አይደል?»

«አዎን። ሁሉም ሰምቷል።»

«አንድ ቀንም ጠምጄው አላውቅም። ጉራቻ የዋህ ነው፤ ከማንም ጋር ቢጠምዱት ያርሳል።» ወደ በሬዎቹ እንጂ ወደ እናቴ አላዩም። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ከቀሚሷ ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍሯ አነሳች።

«ወይኖም ያመለጠ ቀን ገመድ አልበጠሰም» አለች። «ጎህ ሲቀድ የፈታሁት እኔ ነኝ። በሩንም ከፍቼ ሂድ አልኩት።»

አያ ሰይድ ዞረው አዩዋት። «ወዴት ሂድ አልሽው?»

«እሱንማ አልነገርኩትም» አለች እናቴ። «እሱን ራሱ ያውቃል።»